ዋስ ያለው እንግዳ፦ መርካቶ ለስደተኞች ያላት አመለካከት በምን ይለካል?

«ስደተኛ» የሚለው የአማርኛ ቃል የተለያየ ዕጣ ያላቸውን ሰዎች በአንድነት ይይዛል። ከኤርትራ፣ ከሱዳን ወይም ከየመን ሸሽቶ አዲስ አበባ የገባው ሰው ስደተኛ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው የጎረቤት ልጅም ስደተኛ ነው። ሕጉ «ጥገኝነት ጠያቂ»፣ «ስደተኛ» እና «ከስደት ተመላሽ» እያለ ይለያል፤ የገበያው ቋንቋ ግን ይህን ልዩነት አያውቀውም። ስለዚህ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ መደብሮች መካከል መጠይቅ ይዞ «ስለ ስደተኞች ያለዎት አመለካከት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር አጥኚ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ይሰናከላል። ተጠያቂው የመለሰው ከመጠለያ ጣቢያ ስለ መጣው እንግዳ ይሁን አረብ አገር ስላለች እህቱ በመልሱ ላይ አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ፣ በመርካቶ ለስደተኛ ያለው አመለካከት ከሚነገረው ቃል ይልቅ ነጋዴው ለማን ዋስ እንደሚሆን በማየት የተሻለ ይታወቃል የሚል ነው።

ስለ ጉዳዩ የተጻፈው ዓለም አቀፍ ሥነ ጽሑፍ በአብዛኛው የተመሠረተው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መረጃ ላይ ነው። በዚያ የሚቀርቡት ማብራሪያዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ሰዎች መጤውን የሚጠሉት በሥራና በደመወዝ ስለሚሻማቸው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ማንነታቸውንና አኗኗራቸውን ይለውጥብናል ብለው ስለሚሰጉ ነው ይላል። ጄንስ ሄይንሙለርና ዳንኤል ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት የጥናቶች ዳሰሳ የግል ኢኮኖሚያዊ ጥቅም አመለካከትን የመወሰን ኃይሉ ደካማ መሆኑን፣ ይበልጥ የሚመዝነው «ለአገር ምን ያመጣል?» የሚለው ስጋት መሆኑን አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ የውጭ ሰዎችን ፍልሰት ለመገደብ ባካሄደችው ሕዝበ ውሳኔ የድጋፉ ድምፅ 50.3 በመቶ ሆኖ ሲያልፍ፣ የውጭ ዜጎች በብዛት የሚኖሩባቸው እንደ ዙሪክና ጄኔቫ ያሉ ከተሞች ውሳኔውን ተቃውመው ነበር። መጤውን በቅርብ የሚያውቀው ሳይሆን በወሬ የሚሰማው ይበልጥ ይፈራዋል የሚለው ግምት ከእንዲህ ያለው ምሳሌ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ግን ተጠያቂው መጤው ማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል የሚል መነሻ አለው። በኢትዮጵያ ሁኔታው ሌላ ነው። አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ አብዛኞቹ በጋምቤላ፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች የጠረፍ ክልሎች በሚገኙ ጣቢያዎች ይኖራሉ። በአዲስ አበባ የተመዘገቡት ከ70 ሺህ በላይ ሲሆኑ ብዙኃኑ ኤርትራውያን ናቸው። ኤርትራዊው ስደተኛ በመርካቶ መንገድ ላይ ሲሄድ ከአላፊ አግዳሚው በመልክም በአለባበስም አይለይም። ትግርኛ መናገሩም ከመቀሌ ወይም ከአድዋ ከመጣው ነጋዴ አይለየውም።

መርካቶ ራሷ የእንግዶች ሥራ ናት። የፋሺስት ኢጣልያ አስተዳደር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ኢትዮጵያውያንን ከአውሮፓውያን ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «የአገሬው ገበያ» አደረገው። የገበያዋ ስም ከጣልያንኛው የቀረ ነው፤ «አዲስ ከተማ» የሚለውም ለአገሬው ሰው ከተለየው ሠፈር ጋር የተያያዘ ነው። በገዛ ከተማው ተፈናቅሎ የሠፈረው ሕዝብ ያቀናው ገበያ መሆኑ ስለ ስደተኞች በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ብዙም አይነሣም፤ ሊነሣ ይገባው ነበር። ከነጻነት በኋላ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴ፣ የዶርዜ ሸማኔ፣ የየመን አረብ ባለሱቅ በየተራው ገባ። የሠፈር ሱቅ ለረጅም ጊዜ «አረብ ቤት» ይባል የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ከ1966ቱ አብዮትና ከተከተለው ውርስ በኋላ አብዛኞቹ የመኖች ሲሄዱ ስሙ ግን በጉራጌው ሱቅ ላይ ሳይቀር ቆየ።

ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ እንግዳ ሰው በጻፈው አጭር ድርሰቱ፣ በታሪክ ውስጥ እንግዳው በአብዛኛው ነጋዴ ሆኖ ይመጣል፤ ቅርብም ሩቅም ነው ብሎ ነበር። በመርካቶ ይህን ሩቅ ሰው ቅርብ የሚያደርግ የታወቀ ሥርዓት አለ። ከገጠር የመጣ ወጣት በሊስትሮነት ወይም በተሸካሚነት ጀምሮ መደብር ውስጥ ለመቀጠር «ተያዥ» ያስፈልገዋል። ተያዡ ልጁ ዕቃ ቢያጎድል ወይም ቢጠፋ የሚጠየቅ፣ ባለመደብሩ የሚያውቀው ሰው ነው። ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ዕቃ ለማውጣትም «ማን ያውቀዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። እቁብ ውስጥ ደግሞ ሥርዓቱ ይጠብቃል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ቀሪውን እንደሚከፍል ዋስ ይጠራል፣ የእቁቡ ዳኛም ዋሱን ይመዝናል። ባንክ የማያበድረው ነጋዴ ካፒታል የሚያገኘው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ዋስ ማጣት መርካቶ ውስጥ ገንዘብ ከማጣት የከፋ ነው። ዋሱ ከአገር ልጅ፣ ከአንድ ቀዬ፣ ከአንድ እምነት ይፈለጋል። በዚህ ሚዛን ከጉራጌ ዞን አዲስ የመጣ ልጅና ከአስመራ የመጣ ልጅ የቆሙት በአንድ በር ላይ ነው፤ ልዩነታቸው በሩን የሚከፍትላቸው ሰው መኖርና አለመኖሩ ነው።

መንግሥትም ይህንኑ ሥርዓት ተውሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2002 ዓ.ም. ለኤርትራውያን የተፈቀደው ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ የመኖር ፖሊሲ፣ ስደተኛው ራሱን መቻሉን ወይም ወጪውን የሚሸፍንለት ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው መሆኑን ይጠይቅ ነበር። በሌላ አነጋገር ወደ ከተማ የመግባት መብት ከዋስ ጋር ታሰረ። ፖሊሲው ዘመድ ያለውን ከሌለው ለየ፤ ከተማው ውስጥ የሚታየው ስደተኛም አስቀድሞ ዋስ ያገኘው ሆነ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለኤርትራውያን ያሳየው መቀራረብ በከፊል የዚህ ምርጫ ውጤት ነው፤ አመለካከትን ብቻ የለካ ጥናት ይህን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ይሁን እንጂ ዋስትና ሊፈርስ እንደሚችል መርካቶ በሚገባ ታውቃለች። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሲጀመር በአዲስ አበባ ንግድ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ተወልደው ያደጉት በከተማዋ ሲሆን የሚያውቁት ዜግነትም ኢትዮጵያዊነትን ነበር። ከሰኔ ጀምሮ በተካሄደው ማባረር ወደ 75 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወጡ፤ ኤርትራም በበኩሏ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እንዲወጡ አደረገች። በ1985ቱ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ መመዝገብ ዜግነትን እንደ መተው ተቆጠረ። የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ከፊል ውሳኔ ከዜግነት መነጠቁ የተወሰነው በዘፈቀደ የተፈጸመ መሆኑን፣ በተባራሪዎች ንብረት ላይ ለደረሰው ጉዳትም ኢትዮጵያ በከፊል ተጠያቂ መሆኗን ገልጿል፤ ኤርትራንም በኢትዮጵያውያን ላይ ለተፈጸመው በደል ተጠያቂ አድርጓል።

ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ወሳኙ ነገር ውክልናው ነው። የሚባረረው ሰው ንብረቱን የሚያስጠብቀው ወይም የሚያሸጠው ለዘመድ፣ ለጎረቤት ወይም ለንግድ ሸሪክ ውክልና በመስጠት ነበር። ትናንት ለሌላው ዋስ ሲሆን የኖረ ባለመደብር በአንድ ሌሊት የውጭ ዜጋ ሆነ፤ ዕጣውም በወካዩ ታማኝነት ላይ ወደቀ። አደራውን የጠበቀ እንደነበረ ሁሉ የበላም ነበር። ከዚያ ወዲህ በመርካቶ ኤርትራዊን በሚመለከት የሚነሣ ሐሳብ ሁሉ ይህን ትውስታ ይዞ ይነሣል፤ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሰላም ወርዶ መስከረም 2011 ድንበሩ ሲከፈት ከታየው ደስታ ጎን ስለ ቀረ ቤትና ስለ ተሸጠ መደብር የሚነሣ ጥያቄም ነበር። ሁበርት ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1958 ጥላቻ የሚመነጨው አንድ ቡድን ለራሱ ይገባኛል ከሚለው ስፍራ ነው ማለቱ ይታወቃል። በመርካቶ ስፍራ ሲባል ቃሉ በቀጥታ የመደብርን ቦታ ያመለክታል።

የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 409 ተክቶ በአፍሪካ ለጋስ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ሆነ። ስደተኛው በሥራና በንግድ ለመሠማራት ለውጭ ዜጎች ከሚሰጠው የተሻለው አያያዝ ይገባዋል ይላል። ይሁን እንጂ የችርቻሮ ንግድ ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የተከለለ ስለነበር፣ «እንደ ውጭ ዜጋ» መታየት መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ውጭ መሆን ማለት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዘርፉ ለውጭ ባለሀብቶች ሲከፈትም የታሰበው ትልቅ ካፒታል ያለው ባለሀብት እንጂ አንድ መደብር የሚከራይ ስደተኛ አልነበረም። ስለዚህ የሚነግደው ስደተኛ በኢትዮጵያዊ ስም በወጣ ፈቃድ ይነግዳል፤ ያው ዋስትና እንደገና ተመለሰ፣ አሁን ግን በድብቅ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት የመርካቶ መደብሮች ሲዘጉ እንደታየው፣ ገበያው ራሱ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ትግል ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሌላ ሰው ንግድ በስሙ የተመዘገበበት ነጋዴ የሚሸከመው ስጋት ይከብዳል፤ እምቢ ቢል እምቢታውን እንደ ጥላቻ መቁጠር ስሕተት ይሆናል።

አመለካከቱ መጤው በሚገኝበት ቦታም ይለያያል። ኤርትራውያን በብዛት የሚኖሩት በጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ፣ ሶማሌዎች በቦሌ ሚካኤል ነው። በዚያ የሚነሣው ቅሬታ ስለ ቤት ኪራይ ነው፤ ከውጭ ዘመድ ዶላር የሚላክለት ተከራይ ዋጋ አስወደደ ይባላል። መርካቶ ውስጥ ግን ያው ሰው ገዢ ነው፤ ገዢን ደግሞ ነጋዴ አይጠላም። አንዱ ከተማ በአንድ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ አማካዩን ወስዶ «የአዲስ አበባ አመለካከት» ማለት የትኛውንም አይገልጽም።

በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ መንገዶችና በመስጊዶች ደጃፍ ምጽዋት ሲጠይቁ የታዩት ሶርያውያን ሌላውን ጫፍ ያሳያሉ። ሕዝቡ ሰጣቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው በአክሱሙ ነጋሽ ጥላ ሥር መጠለላቸው በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ለሚነግደው ሰው የቤተሰብ ታሪክ ያህል የቀረበ ነው፤ በጽጌ ጾም የእመቤታችንን ስደት የሚያስበውም ስደትን የቅዱሳን ዕጣ አድርጎ ያውቀዋል። ነገር ግን ምጽዋት የሚሰጥ እጅ ለዋስትና አይፈርምም። ርኅራኄና መተማመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የአመለካከት መጠይቆች በአብዛኛው የሚለኩት የመጀመሪያውን ነው።

ኤሞሪ ቦጋርደስ እ.ኤ.አ. በ1925 የማኅበራዊ ርቀት መለኪያውን ሲያዘጋጅ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ሥራ ባልደረባነት በደረጃ ጠይቋል። ለመርካቶ የሚስማማው መለኪያ ደረጃዎቹን ከገበያው መውሰድ ይኖርበታል፦ ለሰውዬው በጥሬ ገንዘብ ይሸጡለታል? በዱቤስ? ተቀጥሮ ቢመጣ ያለ ተያዥ ይቀበሉታል? እቁብ ያስገቡታል? ዕጣ ሲወጣለት ዋስ ይሆኑታል? እነዚህን ጥያቄዎች ለኤርትራዊ፣ ለየመናዊና ከክፍለ ሀገር ለመጣ ኢትዮጵያዊ እያፈራረቁ ማቅረብ የውጭ ዜግነት የሚያመጣውን ርቀት እንግድነት ብቻ ከሚያመጣው ለመለየት ያስችላል።

ለእንዲህ ያለው ጥናት ጊዜው አመቺ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞች የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ መመዝገብ ችለዋል፤ በእርሱም ሲም ካርድ ማውጣትና የባንክ ሒሳብ መክፈት ይቀልላል። መታወቂያው መንግሥት ሰውየውን እንደሚያውቀው ይመሰክራል። ጅምላ ነጋዴው ካርዱን አገላብጦ ካየ በኋላ አሁንም «ማን ያውቅሃል?» ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ በመስክ የሚታይ ነው።