ያውቁ ኖሯል? ንስርና የነፋስ ተርባይን

ግሸን አምባ ላይ የወጣ ሰው ንስርን ከላይ ወደ ታች ሊያይ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? አፋፉ ላይ ቆሞ ገደሉን ለሚመለከት፣ ከእግሩ በታች የሚያንዣብብ አሞራ ጀርባው ሳይቀር ይታየዋል። መላ አካሉ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ግን ነጭ ካለበት የቬሮ ንስር ነው። ገደል ላይ ጎጆ ይሠራል፤ ዋና ምግቡም ሽኮኮ ነው።

ይህ ንስር ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ቢጥልም የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ መሆኑንስ? ቀድሞ የተፈለፈለው ታናሹን ጠቅጥቆ ይገድለዋል። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ ንስር ሲሞት ቶሎ የሚተካው የለም። የነፋስ ተርባይን ጉዳይ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

ሥጋቱ ለንስር ብቻ አይደለም፤ አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ጢማሙ አሞራ በአፍሪካ በብዛት የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ነው።

በዚያው በኢትዮጵያ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም አሉ፤ አሸጎዳ 120፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከሩቅ ሲያዩት ቀስ ብሎ የሚዞር የሚመስለው የተርባይን ክንፍ ጫፉ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል።

ታዲያ ዓይኑ የተመሰገነ አሞራ እንዴት አያየውም? ጥንብ አንሳ ምግብ ፍለጋ አንገቱን ሲደፋ ፊት ለፊቱ ያለው አይታየውም። ደግሞም ሸንተረሩን መትቶ ሽቅብ የሚነሣው፣ አሞራን ያለ ድካም የሚያንሳፍፈው ነፋስ መሐንዲሱም የሚፈልገው ነው።

ሥጋቱ ለነዋሪው አሞራ ብቻ ሳይሆን ለተጓዡም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ከየመን ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ጅቡቲ የገቡ 246,000 ያህል አዳኝ አእዋፍ ተቆጥረዋል። ከ76,000 በላይ የሚሆኑት የእስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ይህ ዝርያ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በስፔኗ ታሪፋ አሞራ ሲቃረብ ተርባይኑን ለጊዜው ማቆም የጥንብ አንሳዎችን ሞት በግማሽ ቀንሷል፤ በዚህ የታጣው ኃይል ከዓመቱ ምርት 0.07 በመቶ ብቻ ነው። በኖርዌይዋ ስሞላ ደሴት ከሦስቱ ክንፎች አንዱን ጥቁር ቀለም መቀባት የወፎችን ሞት በ70 በመቶ ገደማ አሳንሷል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ተርባይኑን ከጎጆ ገደል አርቆ መትከል ነው።

ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰው መስመርም ይገድላል። ምሰሶ ላይ ያረፈ ትልቅ አሞራ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሽቦ ከነካ ያበቃለታል። ፖርት ሱዳን አጠገብ የነበረ አንድ አሮጌ መስመር ለአሥርተ ዓመታት የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ሲፈጅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአገልግሎት ወጥቷል።