የአሮጌ መኪና ቱቦ አመራረጥ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ጀመርን። የተሳፈርንበት አሮጌ ላንድሮቨር ግማሹን ሳይወጣ እንፋሎት ይተፋ ጀመር። ሹፌሩ ወርደው ሲያዩት ከራዲያተሩ በታች ያለው የውሃ ቱቦ ተጨፍልቋል። «አዲስ እኮ ነው ልጆቼ! ባለፈው ሳምንት ነው ያስገባሁት» አሉ። ቱቦው አዲስ መሆኑ እውነት ነው። ግን የዚያ ቦታ ቱቦ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲሠራ ይግላል። የጋለው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ እዚያ በርዶ በታችኛው ቱቦ ይመለሳል። በላይኛው ቱቦ ውሃው ይገፋል፤ በታችኛው ግን ፓምፑ ይስበዋል። ስለዚህ በብዙ አሮጌ መኪኖች ታችኛው ቱቦ ውስጥ ጥምዝ ሽቦ አለ። ሽቦ የሌለው ለስላሳ ቱቦ፣ ሞተሩ በዳገት ሲጮህ፣ እንደ ባዶ አንጀት ይጣበቃል። ውሃው ይቆማል፤ ሞተሩም ይፈላል።

በደጋ ደግሞ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል። ባቄላው ሳይበስል የሚቆየውም ለዚሁ ነው። የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ታዲያ ቱቦው ግፊቱን መቻል፣ ማሰሪያውም መጥበቅ አለበት። አረቄ የሚያወጡ እናቶች መቃው ከማሰሮው የሚገጥምበትን የሚመርጉት እንፋሎቱ እንዳያመልጥ አይደል? በብሎን የሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ እያለ በላስቲክ ቁራጭ ማሰር፣ ቤት እስኪገቡ ካልሆነ በቀር አያዛልቅም።

ለመግዛት ስንሄድ የድሮውን ቱቦ ይዘን እንሂድ። የሚለካው የውስጡ ስፋት ነው። ጎባጣ ከሆነ ጎባጣውን እንፈልግ፤ ቀጥ ያለውን በግድ ብናጎብጠው ይታጠፍና ውሃውን ያንቃል። ሱቅ ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጎማም ሳይሠራ ያረጃል፤ ጎንበስ አድርገን ስናየው ከተሰነጣጠቀ እንተወው።

የቤንዚን ቱቦ ሌላ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ጥቁር ጎማ ይመስላል። ነገር ግን የውሃ ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ ኋላም ያፈሳል። የድሮዋ ቮልስ በአየር ስለምትበርድ የውሃ ቱቦ የላትም። ባለቤቷ ግን በዚህ እንዳይዘናጋ፤ የቤንዚን ቱቦዋ ከጋለው ሞተር አጠገብ ነው የሚያልፈው። ካፈሰሰ እሳት ነው።

በፍሬን ቱቦ ላይ ጨርሶ ቀልድ የለም። ለዚያው መኪና የተሠራው ብቻ ይገባል፤ መጠገን፣ መቀጠል የለም። አሮጌ የፍሬን ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊያብጥና ዘይቱን ሊዘጋ ይችላል። ወደ ዓባይ ቁልቁለት ከመውረድ በፊት ይህን ማስመርመር ያሻል።

የእኛ ሹፌር ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ሽቦ ጠምዝዘው ቱቦው ውስጥ ከተቱ። ከጀሪካናችን ውሃ ሞላንበት። ቀስ እያልን ደጀን ስንገባ መሽቶ ነበር።