በፍሎሪዳ ኪይስ የባሕር ሜዳ ላይ ዓሣ ማጥመድ

በፍሎሪዳ ኪይስ የባሕር ሜዳ ላይ ዓሣ ማጥመድ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከየብስ ብዙ ሳይርቁ፣ በአስጎብኚ ካፒቴን እየተመሩ በትንሽ ጀልባ የሚከናወን የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ዓይነት ነው። የባሕር ሜዳ የምንለው በእንግሊዝኛ ፍላት የሚባለውን ነው፤ ይኸውም ውኃው ከቁርጭምጭሚት እስከ ወገብ ብቻ የሚደርስበት፣ ወለሉ በአሸዋ፣ በጭቃ ወይም በባሕር ሣር የተሸፈነ ሰፊ ቦታ ነው። በሜዳዎቹ ዳርና በማንግሮቭ ዛፎች መካከል ደግሞ ክሪክ የሚባሉ ጠባብ የጨው ውኃ መተላለፊያዎች አሉ።

ይህ ዓይነቱ ማጥመድ ከሌላው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንጠቆ ጥሎ መጠበቅ የለም፤ ዓሣው መጀመሪያ በዓይን ይታያል፣ ከዚያ ነው የሚወረወርለት። ስለዚህ ከማጥመድ ይልቅ አደን ይመስላል። ሁለተኛ፣ የተያዘው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይለቀቃል። የካፒቴኑ ገቢ የሚመጣው ከተሸጠ ዓሣ ሳይሆን በሕይወት ካለ ዓሣና ዓሣው ከሚኖርበት ውኃ ነው። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

ፍሎሪዳ ኪይስ ከማያሚ በስተደቡብ ጀምሮ እስከ ኪ ዌስት ከተማ ድረስ እንደ ቀስት ተጣጥፎ የተዘረጋ የደሴቶች ሰንሰለት ነው። በደሴቶቹና በዋናው የብስ መካከል የሚገኘው ውኃ ፍሎሪዳ ቤይ ይባላል። አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ በ1947 በተቋቋመው የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ከዚያ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ቴን ታውዘንድ አይላንድስ በሚባለው አካባቢ፣ ክሪኮቹ እንደ ድር ይጠላለፋሉ፤ ቦታውን የማያውቅ ሰው በቀላሉ ይጠፋባቸዋል።

የሁሉም ነገር መሠረት የባሕር ሣሩ ነው። ሣሩ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ውኃውን ያጠራል፣ ለሽሪምፕና ለሸርጣን መጠለያ ይሆናል። ዓሦቹ ወደ ሜዳው የሚወጡትም እነዚህን ለመብላት ነው።

የውኃው ሙላትና ጉድለት

ባሕር በሌለው አገር ላደግን ሰዎች ይህ ክፍል ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወንዝ በክረምት ሲሞላ በበጋ ሲጎድል አይተናል፤ የባሕር ሙላትና ጉድለት ግን ከዝናብ ጋር ግንኙነት የለውም። ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው ውኃውን ስለሚጎትቱ ባሕሩ በየቀኑ ይነሣል፣ ይወርዳል። በአትላንቲክ በኩል ባለው የኪይስ ዳርቻ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚህም ምክንያት ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል።

ለዓሣው ይህ የማዕድ ሰዓት ነው። ውኃው ሲሞላ ቀድሞ ደረቅ ወደነበረው ሜዳ ወጥቶ ይመገባል፤ ሲጎድል ወደ ጥልቁ ይመለሳል። በክሪኮቹ አፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃው በሚጎድልበት ጊዜ ትናንሽ ዓሦችና ሽሪምፖች ተጠርገው ስለሚወጡ ትልልቆቹ እዚያው ቆመው ይጠብቋቸዋል።

ታዲያ የሰዓት ሰንጠረዥ መያዝ ብቻ አይበቃምን? አይበቃም። ሙላቱ ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ አይደርስም። በፍሎሪዳ ቤይ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ የጭቃ ግድቦቹ ሙላቱን ስለሚያዳክሙት የውኃውን ከፍታ ከጨረቃ ይልቅ ነፋስ የሚወስንባቸው ቀኖች አሉ። ካፒቴኑ ቀኑን የሚያቅደው ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ሙላቱን እየተከተለ ነው። ይህ ዕውቀት በስልክ መተግበሪያ ተጽፎ አያልቅም፤ ኮምፒዩተር እየተማርኩ ይህን መጻፌ ደስ ባይለኝም እውነቱ ይኸው ነው።

ጉዞው እንዴት ይካሄዳል

አንድ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ደንበኞችን ብቻ ይይዛል። ጉዞው የግማሽ ቀን ሲሆን አራት ሰዓት፣ የሙሉ ቀን ሲሆን ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ሲሆን በመጨረሻ ለካፒቴኑ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው። በአስጎብኚ የሚመጣ ደንበኛ የራሱን የማጥመጃ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም፤ የጀልባው ፈቃድ ይሸፍነዋል።

ጀልባው ስኪፍ ይባላል። አምስት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ቀላልና ጠፍጣፋ ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ወደ ሜዳው ሲደርሱ ሞተሩ ይጠፋና ከውኃው ይነሣል። ካፒቴኑ ከሞተሩ በላይ ባለ ትንሽ መድረክ ላይ ይወጣና ከአምስት ሜትር በሚበልጥ ረጅም ዘንግ ወለሉን እየገፋ ጀልባውን በዝምታ ያስኬዳል። ደንበኛው ከፊት ይቆማል። ሁለቱም የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር ያደርጋሉ፤ ያለ እርሱ ከውኃው በታች ያለውን ማየት ከባድ ነው።

ካፒቴኑ ዓሣ ሲያይ አቅጣጫውን የሚናገረው በሰዓት ነው። የጀልባው ፊት አሥራ ሁለት ነው፣ ቀኝ ሦስት፣ ግራ ዘጠኝ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሜትር» ቢል ከፊት ትንሽ ወደ ግራ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሊሳሳት ይችላል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲባል የሚወራው ስለ ንጋት ወይም ስለ ምሽት ሳይሆን ስለ አቅጣጫ ነው። ደንበኛው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ዓሣውን ማየት፣ መወርወርና ማማለያውን ከዓሣው ፊት ሳያስደነግጠው ማሳረፍ አለበት። ማማለያው ሕያው ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን፣ አለዚያም ፍላይ የሚባለው ከላባና ከክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ምግብ ሊሆን ይችላል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይስታል። ካፒቴኑም ቀኑን ሙሉ ገፍቶ ያመጣው ዓሣ በአንድ ዝርክርክ ውርወራ ሲሸሽ ዝም ብሎ ማየትን ይለምዳል።

ዋና ዋና ዓሦች

ቦንፊሽ ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው የሜዳ ዓሣ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥላው ወይም አፉን ወደ ጭቃው ደፍቶ ሲበላ ከውኃው በላይ ብቅ የሚለው ጅራቱ ነው። ሲያዝ በአንድ ትንፋሽ መቶ ሜትር ያህል ክር ይዞ ሊሮጥ ይችላል። ፐርሚት ሸርጣን የሚወድ ጠርጣራ ዓሣ ነው፤ በፍላይ ለማጥመድ እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ ይታወቃል።

ታርፖን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን፣ ከ50 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። ከአብዛኞቹ ዓሦች በተለየ አየር ከውኃው በላይ እየጎረሰ በአየር ከረጢቱ ይተነፍሳል። በኪይስ በብዛት የሚታየው በጸደይና በበጋ መጀመሪያ ነው። በክሪኮቹ ውስጥ ደግሞ ስኑክና ሬድፊሽ አሉ። ስኑክ በወንድነት ተወልዶ ሲያድግ ወደ ሴትነት የሚለወጥ ዓሣ ሲሆን ብርድ አይችልም፤ በጥር 2010 በደረሰው ቅዝቃዜ በደቡብ ፍሎሪዳ እጅግ ብዙ ስኑክ አልቋል።

ታሪክ

የሄንሪ ፍላግለር የባቡር ሐዲድ በ1912 ኪ ዌስት ሲደርስ ሀብታም አጥማጆች ወደ ደሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ደራሲው ዜን ግሬይ ይመላለስበት የነበረው የሎንግ ኪ የአጥማጆች መንደር በ1935ቱ አውሎ ነፋስ ወደመ፤ ሐዲዱም አብሮ ተቋረጠ። በ1938 የመኪና መንገድ ሲከፈት ግን ደንበኛው በዛ፣ አስጎብኚነትም መደበኛ ሙያ ሆነ።

በ1939 ቦንፊሽን ሆን ብሎ በፍላይ በመያዝ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው የኢስላሞራዳው ካፒቴን ቢል ስሚዝ ነው። ባለቤቱ ቦኒ ስሚዝና እህቶቿ ፍራንኪ ኦልብራይትና ቢውላ ካስም ካፒቴኖች ነበሩ። ሙያው የወንድ ብቻ ተደርጎ በሚታይበት ዘመን ሦስት እህትማማቾች በዚህ ሥራ መታወቃቸው ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ሊነገርለት የሚገባ ይመስላል። ዛሬ በየስኪፉ ላይ የሚታየው የመግፊያ መድረክ የተፈለሰፈው በ1970ዎቹ ሲሆን የቢስኬይን ቤይ ካፒቴን የነበረው ቢል ከርቲስ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ በፊት ካፒቴኑ የሚገፋው ከጀልባው ወለል ላይ ቆሞ ስለነበር ብዙ ርቀት አይታየውም ነበር።

ደንበኛ ለመጫን የሚፈልግ ካፒቴን ከአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ለተለመደው ፈቃድ የ360 ቀን የባሕር ልምድ፣ ፈተናና የጤና ምርመራ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም እስከ ስድስት መንገደኛ ለመጫን ያስችላል።

መልቀቅ

ከ2013 ጀምሮ በፍሎሪዳ ቦንፊሽና ታርፖን ተይዘው የሚለቀቁ እንጂ የሚወሰዱ አይደሉም። ለታርፖን ያለው ጠባብ ልዩነት የክብረ ወሰን ዓሣ ለሚያስመዘግብ ሰው የሚሰጠው መለያ ብቻ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ገደማ የሚበልጥ ታርፖን ለፎቶ እንኳ ከውኃ አይወጣም።

መልቀቅ ማለት ግን ማትረፍ ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ የታገለ ወይም ከውኃ ውጭ የቆየ ቦንፊሽ ደክሞ ስለሚመለስ በአቅራቢያ ያለ ሻርክ በቀላሉ ይበላዋል። ጥሩ ካፒቴን ሻርክ ካየ ያንን ሜዳ ትቶ ይሄዳል፤ ዓሣውንም በእርጥብ እጅ፣ ከውኃው ሳያወጣ ይፈታዋል። በ2013 የወጣ ጥናት የኪይስ የሜዳ ላይ ማጥመድ በዓመት 465 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያንቀሳቅስ ገምቷል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚዞረው ማንም ወደ ቤቱ ይዞት በማይሄድ ዓሣ ላይ ነው።

የውኃው ችግር

ፍሎሪዳ ቤይ ጨዋማ ቢሆንም ከሰሜን በሚመጣ ጣፋጭ ውኃ ላይ የተመሠረተ ነው። ድሮ ከኦኪቾቢ ሐይቅ የሚፈሰው ውኃ በኤቨርግሌድስ ረግረግ በኩል ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለእርሻና ለከተማ ሲባል ቦዮች ተቆፈሩ፤ በ1928 የተከፈተው የታሚያሚ ትሬይል መንገድም እንደ ግድብ ሆነ። ውኃው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ዳርቻ ተመለሰ።

ውጤቱ በ1987 ታየ። በቤዩ ውስጥ የባሕር ሣር በስፋት ሞተ፤ ተከትሎም አልጌ ውኃውን አረንጓዴ አደረገው። በ2015 ደግሞ በድርቅና በሙቀት ምክንያት የአንዳንድ ቦታዎች ጨዋማነት ከውቅያኖስ ውኃ እጥፍ ገደማ ሲደርስ 16,000 ሄክታር የሚገመት ሣር ተጎዳ። በሞቀና በጨው በከበደ ውኃ ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል፤ ያኔ ከጭቃው የሚወጣው ሰልፋይድ ወደ ሥሩ ገብቶ ሣሩን ይገድለዋል። ሣሩ ሲሞት ጭቃው ይነሣል፣ ውኃው ይደፈርሳል። በዓይን አይቶ ለሚያጠምድ ሰው ደፍራሽ ውኃ ማለት የተዘጋ ሱቅ ነው።

የሚገርመው በምዕራብ ዳርቻ ያሉት ካፒቴኖች የሚያማርሩት በተቃራኒው መሆኑ ነው። እነርሱ ጋ ከሐይቁ የሚለቀቀው ማዳበሪያ የበዛበት ውኃ በካሉሳሃቺ ወንዝ በኩል ከመጠን በላይ ይመጣል። አንዱ ጋ የጎደለው ሌላው ጋ የተትረፈረፈው ያው ውኃ ነው። በ2016 የምዕራብ ዳርቻ አስጎብኚዎች ካፕቴንስ ፎር ክሊን ዎተር የተባለ ማኅበር መሥርተው ጉዳዩን ወደ ምክር ቤት ወሰዱት። በ2017 ከሐይቁ በስተደቡብ የውኃ ማጠራቀሚያ እንዲሠራ የሚያዝ የግዛት ሕግ ወጣ። የአካባቢው መሬት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ስለሆነ ሥራችንን እናጣለን ያሉ ነዋሪዎች ተቃውመውት ነበር፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። በታሚያሚ ትሬይል ላይ ደግሞ ውኃ ከሥር እንዲያልፍ 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ በ2013፣ ሌሎች ድልድዮች ደግሞ በ2019 ተከፍተዋል።

ካፒቴኖቹ ራሳቸውም ከጥፋት ነጻ አይደሉም። ጥልቀት በሌለው ቦታ ሞተር ያስነሣ ጀልባ በፕሮፔለሩ ሣሩን ከነሥሩ ይቆርጣል፤ ጠባሳው ለመዳን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ለዚህም ፓርኩ በ2011 ስኔክ ባይት በተባለው ቦታ በዘንግ ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚኬድበት ክልል አበጀ።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በታችኛው ኪይስ ዓሦች ባልተለመደ ሁኔታ ሲሽከረከሩ መታየት ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ከ50 በላይ መጋዝ ዓሦች ሞተው ተገኙ። መጋዝ ዓሣ በ2003 በአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥ የገባ ዝርያ ነው። ተመራማሪዎች በባሕሩ ወለል ላይ የሚያድጉ ጥቃቅን አልጌዎች የሚያመነጩትን መርዝ ዋነኛ ተጠርጣሪ አድርገዋል። ለምርመራው ናሙናና መረጃ ካቀበሉት መካከል ቀኑን ሙሉ መድረክ ላይ ቆመው ወደ ውኃው የሚያዩት ካፒቴኖች ይገኙበታል።