የቀረውን ብርሃን ስለ መጠበቅ

በየቤታችን ዐይናቸው የደከመ አረጋዊ ሲኖሩ «ሞራው ይብሰልና ይገፈፍልዎታል» እያልን ልናጽናናቸው እንወዳለን። ደዌው ሞራ ከሆነ፣ መብሰሉን መጠበቅ ባያሻም፣ ተስፋው እውነት ነው፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ ብርሃን ይመለሳልና። ደዌው ግላኮማ ከሆነ ግን መጠበቅ ራሱ ጥፋት ነው።

በግላኮማ የሚጎዳው ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው የዐይን ነርቭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዐይን ውስጥ የሚመነጨው ውሃ መውጫው ሲታወክ ግፊቱ ያይላል፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት የነርቩ ክሮችም ያለ ሕመም ጥቂት በጥቂት ይሞታሉ። የሞተውን ክር የሚያስነሣ ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ታዲያ የሐኪም ምላጭ ምን ይጠቅማል? ኬርንስ የተባለ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. የገለጸው፣ ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለው ቀዶ ሕክምና፣ በዐይን ነጩ ክፍል ላይ በስስ ክዳን የተሸፈነ የውሃ መውጫ ይከፍታል። በዚህም ግፊቱ ይቀንሳል፤ የጠፋው እይታ ባይመለስም የቀረው እንዲጠበቅ ይረዳል።

ስለዚህ ከወላጆች አንዱ ወይም ከወንድምና ከእኅት አንዱ በግላኮማ የታመመ እንደ ሆነ፣ የቀሩት ቤተ ሰቦች ዐይናቸው ሳይደክም ይመርመሩ ዘንድ እንመክራለን። ብርሃን ሳለ እንጂ ከሄደ በኋላ አይጠበቅምና።