ቴክኒካል ዳይቪንግ ከባሕር ዳር ተነስቶ፦ ስንት ይፈጃል? መጀመሪያስ ምን ይገዛል?

ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ሁለት ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ፣ ሌላ ሁለት ጎናቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ጨለማ ውሃ የሚወርዱ ሰዎች አይታችኋል። ቴክኒካል ዳይቪንግ ይሉታል። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ቀጣዩ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ጣና እዚሁ አለ፣ እኛስ ለምን አንጀምርም?

ጣና ላይ አይጀመርም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ቴክኒካል የሚባለው ከመዝናኛ ጠላቂዎች ወሰን ከ40 ሜትር በታች ሲወረድ፣ ወይም ጠላቂው በቀጥታ ሽቅብ መውጣት በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ሲገባ ነው። በዚያ ላይ የጣና ውሃ ደለል ይበዛዋል፣ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ አባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ። ቪዲዮ ለመቅረጽ ብላችሁ አትግቡ።

ግን ሐይቁ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ከፍታን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይሄ ለምን ያሳስባል? ጠላቂ ከታች ሲተነፍስ ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ሽቅብ ሲወጣ ቀስ ብሎ ካልለቀቀው እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ከፍታ ላይ ደግሞ ከላይ የሚጠብቀን ግፊት ትንሽ ስለሆነ አረፋው ይበረታል። ጣና ላይ 14 ሜትር መውረድ በሒሳብ ባሕር ላይ 17 ሜትር እንደመውረድ ይቆጠራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቡሽማንስ ሆል የሚባለው ጥልቅ የውሃ ዋሻ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ኑኖ ጎሜዝ እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያ 282.6 ሜትር ሲወርድ፣ አወጣጡ የተሰላው ባሕር ላይ 339 ሜትር እንደወረደ ተደርጎ ነበር።

አሁን ወደ ብሩ። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ እኛ የያዝነው ውጭ አገር ያለውን ግምት ነው፣ ቀረጥም አልገባበትም። ለሒሳቡ እንዲቀል 1 ዶላርን በ150 ብር እንያዘው።

መጀመሪያ የሚገዛው ዳይቭ ኮምፒውተር ነው። ሰዓት የሚመስለው፣ ጥልቀቱንና ጊዜውን እየቆጠረ የት ቆማችሁ መጠበቅ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ዕቃ። ርካሹ ለጀማሪ ይበቃል ይሏችኋል፤ እውነት ነው፣ ግን ቴክኒካል ስትገቡ ሌላ ትገዛላችሁ። የተለያየ የጋዝ ድብልቅ የሚቀበልና ከፍታን የሚያሰላ ከጅምሩ ያዙ፤ ከ700 እስከ 1,300 ዶላር።

ቀጥሎ የምትተነፍሱበት ሬጉሌተር። ሲሊንደሩ ላይ በላዩ የሚታሰር አለ፣ በጥርስ የሚጠመዘዝ አለ። የሚጠመዘዘውን ዲን የሚሉትን ግዙ፤ ቴክኒካሎቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲኖር በስተመጨረሻ ሁለት ሙሉ ስብስብ ያስፈልጋል፤ ከ900 እስከ 1,500 ዶላር። ሁለቱን ባንዴ መግዛት የለባችሁም።

ሦስተኛው ጀርባ ላይ የሚታዘለው ነው። ጀማሪዎች የሚሸጥላቸው ጃኬት የሚመስለው በኋላ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። የብረት ሳህንና በአየር የሚነፋ ከረጢት ያለው፣ ባክፕሌትና ዊንግ የሚሉት፣ ከመጀመሪያው ኮርስ እስከ ቴክኒካል ያገለግላል፤ ከ500 እስከ 800 ዶላር።

ሦስቱ ሲደመሩ ከ2,100 እስከ 3,600 ዶላር፣ ማለትም ከ315,000 እስከ 540,000 ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ከመንሳፈፉ በፊት በባንክ ዋጋ ዝቅተኛው 120,000 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ኮርሱ ለብቻው ነው፤ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጀመሪያው ቴክኒካል ድረስ ከ1,500 ዶላር በታች ማለቁ ይከብዳል። ደግሞ በገንዘብ ብቻ አይገባም፦ ፓዲ ቴክ 40 የሚለውን ኮርስ ለመጀመር ቢያንስ 30 የተመዘገቡ ዳይቮች ይጠይቃል። እና ካላችሁ ከዕቃው ቀድሞ ለዳይቭ ይውጣ። የወጣውን አየር አጥርቶ የሚመልሰው ሪብሪዘር ከ7,000 ዶላር ስለሚጀምር፣ ለጊዜው በቪዲዮ ይበቃናል።

ሲሊንደር አትግዙ። ከባድ ነው፣ በየጊዜው በግፊት መፈተሽ አለበት፣ መሙላቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር 10 ባር ገደማ ይሰጣል፤ ዳይቪንግ 200 ባር፣ ያውም ከዘይት የጸዳ አየር ይፈልጋል። የሆስፒታል ኦክስጅን እንጠቀም የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ተውት በሉት፤ ንጹህ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች እያንቀጠቀጠ ራስን ያስታል፣ ውሃ ውስጥ ራስን መሳት ደግሞ መስጠም ነው። የዳይቭ ማዕከሎች ሲሊንደር ያከራያሉ።

ማዕከሉ የት ነው? ቅርቡ ጅቡቲ ነው፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግዙፉ ዌል ሻርክ ይታያል። ቴክኒካሉን ለመማር የግብፅ ዳሃብ ይሻላል፣ አስተማሪው ብዙ ነው።

ብዙዎች የማያስቡት መመለሻውን ነው። ከዳይቭ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈሩም፤ ለተደጋጋሚ ዳይቭ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ቴክኒካል ከሆነ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። «እንግዲያውስ በባቡር ወይ በመኪና እመለሳለሁ» ማለት እኛ አገር አይሠራም። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። በወልድያ በኩል ወደ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ጋሸና ላይ ከአውሮፕላኑም በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በጀቱ ውስጥ ውሃ ሳይነኩ ጠረፍ ላይ የሚታደርባቸው ሁለት ሌሊቶች ይግቡ፣ ከነአልጋና ከነምግብ።