ነጠላው ሳይጠፋ ፊቱ እንዲታይ

በጎጃም፣ አምበር ላይም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያም ጥር የሰርግ ወር ነው። በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ ዳስ ውስጥ ፀሐይ ስትገባ ብርሃኗ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ የሙሽራዋ ፊት፣ የእድምተኛው ነጠላ፣ መሶቡ ሳይቀር በዚያው ቀለም ይነከራል። እድምተኛው ይህን ልብ አይለውም። ነጠላ ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ አእምሮው ራሱ ያርምለታል። ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ትዝታ የለውም፤ የደረሰውን ብርሃን እንዳለ ይቀዳል።

ሰርጉ አልቆ ቪዲዮው ወደ ኤዲተሩ ሲመጣ ከቆረጣና ከቅጠላ ቀጥሎ የሚጠብቀው ሥራ ይህን ማረም ነው። ባለሙያዎች ከለር ኮሬክሽን ይሉታል።

ቀለሙ ከመነካቱ በፊት ብርሃኑ ይስተካከላል። ዌቭፎርም የሚባለው መለኪያ የምስሉን ብርሃን ከ0 እስከ 100 ያሳያል፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 100 ድፍን ነጭ ነው። ኤዲተሩ ጥላውን፣ መሐከለኛውንና ደማቁን ክፍል ለየብቻ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በጎጃም ደጋ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። የቀትር ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ሰው ደግሞ ጠይም ፊቱን በነጭ ነጠላ ወይም በጋቢ ከቦ ይቆማል። ካሜራው ለፊት ከተስተካከለ ነጠላው ከ100 ያልፍና ድሩና ማጉ፣ ጥበቡም ጭምር ይጠፋል። አንዴ ከጠፋ ማንም ኤዲተር አይመልሰውም። ለነጠላው ከተስተካከለ ፊቱ ይጠቁራል፤ እሱን ግን መመለስ ይቻላል። ስለዚህ የሚያዋጣው ነጠላውን ከጫፍ በታች አቆይቶ መቅረጽ፣ ኋላ መሐከለኛውን ብርሃን ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። ምን ያህል እንደሚነሳ የሚወስነው ካሜራው ነው። ባለ 8 ቢት ምስል ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው ባለ 10 ቢቱ 1,024 አለው፤ የመጀመሪያው ብዙ ሲጎተት ፊት ላይ ሻካራ ነጠብጣብና መስመር ያወጣል።

ቀጥሎ ቀለሙ ይመጣል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፦ የጧፍ ብርሃን 1,900 አካባቢ፣ የስቱዲዮ አምፖል 3,200፣ የቀትር ፀሐይ 5,600 ገደማ ነው። ብዙ ኤዲተሮች ነጠላውን ነክተው ነጭ አድርግልኝ ብለው ፕሮግራሙን ያዛሉ። ነገር ግን በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወተት መሳይ ነው፤ ድፍን ነጭ እንዲሆን ሲገደድ ፊቱ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። የሚታመነው ምስክር ፊት ነው። ቬክተርስኮፕ በሚባለው ክብ መለኪያ ላይ ለሰው ቆዳ የተሰመረ አንድ መስመር አለ። የፈረንጁም፣ የጠይሙም፣ የጥቁሩም ቆዳ እዚያው መስመር አካባቢ ያርፋል፤ የሚለያየው በድምቀቱ ነው።

ይህ እኩልነት በፊልሙ ዘመን አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኮዳክ ፎቶ ማጠቢያዎች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ሸርሊ ካርድ በተባለ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ጥቁር ሰው በዚያ ሚዛን ሲታተም አንዳንዴ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ጎልቶ ይታይ ነበር። ዛሬ መሣሪያው ሁሉንም ፊት ማሳየት ሲችል የሙሽራን ፊት እስኪገረጣ የሚያነጣ ኤዲተር አለ። ይህ ማሳመር አይደለም። እናቷ በቪዲዮው ልጇን ማወቅ አለባት።

ቀለምም የቀለም ማረሚያ መሣሪያውም ለብዙዎች የደረሱት ዘግይተው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር በጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በውጭው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» ሙሉ ቀለሙ በኮምፒውተር ከተቃኘ ቀደምት ፊልሞች አንዱ ሲሆን፣ የቀረጻ ባለሙያው ሮጀር ዲከንስ የሚሲሲፒን ለምለም ሣር ወደ ደረቅ ወርቃማ ለውጦታል። የነሐሴን ጤፍ የኅዳር ማስመሰልም እንዲሁ ይቻላል፤ የእነማይና የአነደድ ወረዳ ገበሬ ግን ገና ያላሸተ ጤፍ ቢጫ ሆኖ ሲያይ አይታለልም።

ያ ፊልም በወጣበት ዘመን ዳቪንቺ የተባለው የቀለም መሣሪያ በመቶ ሺህ ዶላሮች ይሸጥ ነበር። ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለ ድርጅት የመሣሪያውን አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከገዛ በኋላ ዳቪንቺ ሪዞልቭን በነፃም ማቅረብ ጀመረ። ዌቭፎርሙም ቬክተርስኮፑም በነፃው ውስጥ አሉ፤ ደህና ላፕቶፕ ያለው የገጠር ከተማ ወጣት ሊማርባቸው ይችላል።

ኤዲተሮች ሆይ፣ አንድ ነገር አደራ፦ ሥራውን ካስረከባችሁ በኋላ ዋናውን ቅጂ አታጥፉ። ፕሮግራሙ ማስተካከያውን ለብቻው ስለሚይዝ ዋናው ሳይነካ ይቆያል፤ ተቀናብሮ የወጣው ቪዲዮ ላይ የነጣ ፊት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።