ወፍራም ፕላስቲክ፣ ቀጭን መዳብ፦ ስለ ስፒከር ገመድ የሚወራውና እውነታው

ሆም ቴአትር ገዝቶ የኋላ ስፒከሮቹን ከሶፋው ጀርባ ሊሰቅል የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የገመድ ማጠር ነው። ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ «ብር የተቀባ ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» ይላል፤ ሌላው «የመብራት ገመድ ቁረጥና ቀጥል» ይላል። ለእውነቱ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው።

ገመዱ ውድ በሆነ ቁጥር ድምፁ ይጠራል የሚለው እምነት በመላው ዓለም ሥር የሰደደ ነው። አስማተኛ ነን ባዮችን በማጋለጥ የሚታወቀው ጄምስ ራንዲ በ2007 እ.ኤ.አ. 7,250 ዶላር የሚሸጥን ጥንድ የስፒከር ገመድ ከተራው ገመድ በጆሮው ብቻ ለይቶ ለሚያሳይ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ሙከራው ሳይካሄድ ቀረ፤ ገንዘቡንም የወሰደ የለም።

ገመዱ ያለው ሥራ አንድ ነው፦ ከአምፕሊፋየሩ የወጣውን ኤሌክትሪክ ብዙ ሳያባክን ስፒከሩ ጋ ማድረስ። የሚያባክነው የሽቦው ሬዚስታንስ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚወሰነው ሽቦው ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚወፍርና እንደሚረዝም ነው። ብር ከመዳብ በተሻለ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ሐሰት አይደለም። ብልጫው ግን ከመቶ 10 እንኳ ስለማይሞላ መዳቡን ትንሽ ወፈር አድርጎ መግዛት ጉዳዩን ይዘጋዋል። «ኦክስጅን አልባ መዳብ» የሚባለውም ከተራው የኤሌክትሪክ መዳብ የሚለየው ከመቶ 1 ገደማ ነው። ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ወፍራም ሁልጊዜ ይሻላል የሚሉም አሉ። እነሱም ቢሆኑ ግማሽ እውነት ነው የያዙት፤ ውፍረት ያለ ርዝመት ትርጉም የለውም። ባለሙያዎች የሚይዙት መመዘኛ የገመዱ ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኦም ከመቶ 5 አይለፍ የሚል ነው። የስፒከሩ ኦም ከጀርባው ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 4፣ 6 ወይም 8 ነው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 10 ሜትር ገመድ ማለት በስሌት 20 ሜትር ሽቦ ነው። በዚህ ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ቀጭን መዳብ 0.7 ኦም ያህል ይይዛል፤ ባለ 1.5 ወደ 0.23 ይወርዳል፤ ባለ 2.5 ደግሞ 0.14 ገደማ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር ጣሪያው 0.4 ስለሆነ 1.5 በቂ ነው። ለ4 ኦም ግን ጣሪያው 0.2 ነውና 2.5 መውሰድ ይሻላል። ቀጭኑን 0.5 እዚያ ላይ ቢዘረጉት ድምፁ ትንሽ ይደክማል፤ የስፒከሩ ኦም ከቤዝ እስከ ቀጭን ድምፅ እኩል ስላልሆነም አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ 3 ሜትር ብቻ ለሚርቁት የፊት ስፒከሮች ግን 0.75 እንኳ ይበቃል። እዚያ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ገመድ መጎተት ለዓይን ካልሆነ ለጆሮ አይጠቅምም።

ዋናው ማታለል ያለው ግን ማንም በማይከራከርበት ቦታ ነው። ሰው ስለ ብርና ስለ ወርቅ ሲሟገት ገበያው ላይ መዳብ የሚመስል አልሙኒየም ይሸጥለታል። ላዩ ብቻ ስስ መዳብ የለበሰ ሽቦ ነው፤ አንዳንዱ ላይ «ሲሲኤ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፣ ብዙው ግን ዝም ይላል። የማስተላለፍ አቅሙ የንጹሑ መዳብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ «2.5 ነው» ተብለው የገዙት የ1.6 ያህል ብቻ ይሠራል። ሲታጠፍ ሲዘረጋም ቶሎ ይበጠሳል። ለመለየት ከጥቅልሉ ጫፍ አንዲት ክር አውጥተው በምላጭ ይፋቁ። ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ ካለ አልሙኒየም ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ላዩ ነጭ፣ ሲፋቅ ቀይ ከሆነ አይደንግጡ፤ ያ ቆርቆሮ የተቀባ እውነተኛ መዳብ ነው። ጥቅልሉ ለውፍረቱ ከቀለለብዎትም ይጠርጥሩ፣ አልሙኒየም የመዳብን ክብደት ሲሶ አይሞላም። ሌላው ዘዴ ፕላስቲኩን ማወፈር ነው። ግልጽ ፕላስቲክ በውስጡ ያለውን ሽቦ አጉልቶ ያሳያል፤ ስለዚህ ጫፉ ተልጦ መዳቡ ራሱ ሳይታይ ዋጋ መነጋገር አይገባም።

የግራና የቀኙ ገመድ እኩል ካልረዘመ ድምፁ ቀድሞና ዘግይቶ ይደርሳል የሚባለውስ? በገመድ ውስጥ ኤሌክትሪክ 10 ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ጊዜ ነው። ድምፅ ግን በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ሶፋው ላይ ጭንቅላትዎን አንድ ሳንቲ ሜትር ሲያዘነብሉ የሚፈጥሩት ልዩነት ከዚያ ሁሉ ገመድ ልዩነት በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ትርፉን ጠቅልሎ ከመደርደሪያ ሥር መደበቅ አያስፈልግም፤ ይቆረጥ።

የመብራት ገመድ ድምፅ ያበላሻል የሚለውም መሠረት የለውም። ባለብዙ ክር፣ ንጹሕ መዳብ ከሆነ ስፒከሩ ልዩነቱን አያውቅም። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ የቤት ሰው ተራ ማራዘሚያ መስሎት ሶኬት ላይ እንዳይሰካው ጫፎቹ ላይ ምልክት ይደረግ። የተገላቢጦሹ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። የስፒከር ገመድ ለ220 ቮልት አልተሠራም።

ወደ ጃኩ ስንመጣ፣ ወርቅ የተቀባ ጃክ ድምፅ ያሻሽላል መባሉ የሚያስቅ ጎን አለው፤ ወርቅ ከመዳብ ያነሰ አስተላላፊ ነው። የሚቀባው ስለማይዝግ ነው፣ ያ ደግሞ ጥቅም ነው። ድምፁ የሚበላሸው መገጣጠሚያው ሲላላ ወይም ሲዝግ ነውና ባዶ ሽቦ በደንብ ከጠበቀ ከማንኛውም ጃክ አያንስም። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልጦ ክሮቹን አጥብቆ መፍተል ይበቃል። አንዲት ያፈነገጠች ክር ጎረቤቱን ጫፍ ከነካች ግን ሾርት ነው። ጥሩ አምፕሊፋየር ራሱን ያጠፋል፤ ርካሹ ሊቃጠል ይችላል። በሽቦው ጫፍ የሚገጠመው ባናና ጃክ የሚጠቅመው ይህን ስለሚያስቀርና መንቀል መሰካትን ስለሚያቀል ነው። በብሎን ወደሚጠብቅ ቦታ የሚገባን ጫፍ በካውያ መበየድ ግን ስህተት ነው፤ ብየዳው ለስላሳ ስለሆነ ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ብሎኑም ይላላል።

ባናና ጃክ ላይ ሻጮች የማይነግሩት ነገር አለ፤ የአውሮፓ ዓይነት ክብ ቀዳዳ ባለው የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለአውሮፓ የሚሠሩ አምፕሊፋየሮች መሰኪያ ቀዳዳቸው በፕላስቲክ ተወትፎ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እኛም ቤት ያለው ሶኬት በአብዛኛው ያው ስለሆነ፣ ልጅ ባለበት ቤት ከአምፕሊፋየሩ የተነቀለ ባናና ወለል ላይ አይተውም።

በነጻ የሚስተካከለውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ነገር ነው። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከተገናኘ ሁለቱ እየተጣሉ ቤዙ ይሳሳል፣ ሰውየውም ገመዱን ወይም ስፒከሩን ይረግማል። መስመር ወይም ጽሑፍ ያለበትን ሽቦ ሁሌም ለቀዩ (ለፖዘቲቩ) መሰኪያ ማድረግ ነው። ምልክቱ ከጠፋ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኩት፤ የትልቁ ስፒከር ሸራ ወደ ውጭ ከወጣ ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጋር የነካው ሽቦ ለቀዩ ነው።